ጆሮ በካርቶን

መሐል ሜዳ ደረሰ፣ የሀብቱ መኪና፣
የጣርማ በርን ጭጋግ፣ ጣራው ላይ ጭኖ ገና፤
ከሽንኩርት ጆንያ ሥር፣ ከላስቲክ ጫማ ሥር፣
አወጣልኝ ሳጥን፣ ቡጢ የማትሞላ፣ ነጭ እንደ ውርጭ ምድር።

እኔ ይፍቱሥራ ነኝ፣ ስልክ ጠጋኝ በሙያ፣
መደብሬ አንድ በር፣ ከወፍጮ ቤት ወዲያ፤
የተሰነጠቀ መስታወት፣ ያበጠ ባትሪ፣
ውሃ የጠጣ ስፒከር፣ የነዚህ ሁሉ አሳዳሪ።
ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ካልተሰበረው ዘንድ ነው፣
ላስቲኩ ካልተላጠለት፣ ጣት ገና ካላሻሸው።

እንደ ዳዊት የሚታጠፍ፣ ስልክ አይቻለሁ በቪዲዮ፣
ሲዘጋ ‹ቀጭ› ይላል፤ ማጠፊያው ብቻ! ወዮ፣ ወዮ!
ጨረቃን የሚያቀርብ ካሜራ፣ ጠባሳዋን ቆጥሮ፣
የልብ ምት የሚያነብ ሰዓት፣ ሌሊቱን አንጓ ላይ አድሮ፤
ቤት የሚጠርግ ክብ ድስት፣ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ፣
(ወለሌ አፈር ነው፤ ቢያየው፣ ጥግ ይዞ ነበር የሚያለቅስ)
ፀሐይ የሚጠጣ ቦርሳ፣ ጀርባ ላይ የሚሞላ፣
እኔ ወሬያቸውን እንጂ፣ መች ምሳ እበላ!
«ይፍቱ፣ ባል አታገቢም?» ሲሉኝ፣ «ስንት ጊጋ ነው?» እላለሁ፤
ይስቃሉ። እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለሁ።

ከፈትኳት በቀስታ፣ በጥፍሬ ጫፍ ብቻ፣
ሁለት የባቄላ ፍሬ፣ የተኙ አቻ ለአቻ፤
የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ሽቦ የለው፣ ገመድ የለው፣
ለዘፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጉዱ ሌላ ነው።
ከግርግር ውስጥ የሰው ቃል፣ እንደ ምስር ለቅሞ፣
ጠጠር ጠጠሩን ጥሎ፣ ጆሮ ያጎርሳል ደግሞ።
(መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ፤
ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አላመንኩም ስላይ።)

ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ፣ ባለወፍጮ፣ ዱቄት ለባሽ ሰው፣
ሠላሳ ዓመት የናፍጣ ሞተር፣ ጆሮውን እየፈጨው፣
ስሙ ብቻ ‹ተሰማ› ቀረ፤ እሱ ግን የሰማው የለ፣
«ስንት ነው?» ላለው ሁሉ፣ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለ።

ገበያ ነው ዛሬ። ወረፋው እስከ መንገዱ።
ጎተትኩት፣ «ጋሽ ተሰማ፣ ሞክር! አንዴ!» በግዱ።
«ይዋጣል?» አለኝ አይቶ፤ በምልክት፣ «የለም፣ ይሰካል!»
ዱቄቱን ከጆሮው ጠርጌ፣ ስሰካ እጄ ይንቀጠቀጣል።
ስልኬ ላይ መስመሯን ጎተትኩ፣ ከዝቅታ ወደ ከፍታ፤
ጋሽ ተሰማ ቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ። ዝም አለ ላፍታ።

መጀመሪያ ምን ሰማ መሰላችሁ? የወፍ ዜማ?
ሐሜት ነው፤ ለተሰማ፣ ፊት ለፊቱ የተሰማ።
ወይዘሮ ጌጤነሽ ናት፣ ከነገብሷ ጆንያ፣
ፈገግ ብላ፣ እንደ ለመደችው፣ ለወረፋ መቆያ፦
«ይኸው ሌባ፣ ዛሬም ሁለት ኪሎዬን ሊበላ!»
«እኔን ሦስት ነው የበላኝ» ትላለች ከኋላ ሌላ።

ዱቄቱ ሥር ፊቱ ቀላ። «ጌጤ» አላት፣ «ስንት ኪሎ?»
ወረፋው ደነገጠ፤ ጆንያው ወደቀ ተንከባሎ።
ሞተሩን አጠፋ። ፈራሁ፣ መዝዞ ይጥለዋል ብዬ፣
«ዝምታዬን መልሺ» ብሎኝ፣ ጭቃ ሊገባ ነው እቃዬ።
እሱ ግን ከሚዛኑ ሆድ ሥር፣ የብረት ቁራጭ አነሳ፣
«ማነው የከተታት?» አለ፣ የገዛ እጁን እንደረሳ።
ከዚያ ሳቀ። ሳቁን ሰማው። ደነገጠ በራሱ ሳቅ፣
«እንዲህ ነው የምስቀው?» አለኝ፤ «እኔስ አላውቅ፣ እኔስ አላውቅ!»

ልፍረድ እንግዲህ ሳላጋንን፦ አራት ሰዓት ነው ባትሪው፣
የመንዝ ነፋስ ሲገባ ያፏጫል፤ አላሰበበት የሠራው።
ዋጋው ሦስት ሙክት በግ፤ ይወደዳል፣ አዎ፣ ይወደዳል፣
ግን ሲመሽ፣ በሬን ልዘጋ ስል፣ አንድ ዱቄታም እጅ ያንኳኳል፤

መዳፉ ላይ ሁለት ባቄላ። «ሞተዋል» አለኝ ጋሽ ተሰማ፤
«ቻርጅ አርጊልኝ። ለሳምንት ጌጤ ስትመጣ፣ ምን እንደምትል ልስማ።»